ሐይቅ ዳር ለመዋል ወደ ትራኪ፦ ከመነሳት እስከ መመለስ

በቤይ ኤሪያ ለሚኖር ሐበሻ ሙቀት ሲበረታ ቶሎ ትዝ የሚለው ፓሲፊክ ውቅያኖስ ነው። ሆኖም በሰሜን ካሊፎርኒያ የውቅያኖሱ ውሃ በጁላይም ቢሆን ያንዘፈዝፋል፤ ማዕበሉና ወደ ጥልቁ የሚጎትተው ሞገድም ለዋና አይመችም። ፊቱን አዙሮ በአይ-80 ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ተራራው ለሚነዳ ሰው ግን የተሻለ ነገር አለ።

ትራኪ በሴራ ኔቫዳ ተራሮች መካከል፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,770 ሜትር ግድም ላይ የተቆረቆረች የባቡር ከተማ ናት። ከሳክራሜንቶ 160 ኪሎ ሜትር፣ ከሬኖ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከኦክላንድ ደግሞ መንገዱ ካልተጨናነቀ የሦስት ሰዓት ጉዞ ናት። በክረምት ሰው የሚጎርፍባት ለበረዶ መንሸራተት ነው። በሰመር ግን ሰዉን የሚስበው ውሃው ነው፤ በስተ ምዕራብ አምስት ኪሎ ሜትር ግድም ላይ ዶነር ሐይቅ፣ በስተ ደቡብ የግማሽ ሰዓት ያህል መንገድ ላይ ታሆ ሐይቅ፣ በስተ ሰሜንና ምሥራቅ ደግሞ ፕሮሰርና ቦካ የተባሉ የግድብ ሐይቆች አሉ። የቱ ለማን እንደሚሆን፣ መቼ እንደሚኬድና ውሃው ውስጥ እንዴት እንደሚገባ በቅደም ተከተል እንየው።

መጀመሪያ፦ መኪና ውስጥ ማን አለ?

«የትኛው ቢች ያምራል?» የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው ተዉት፤ ሁሉም ያምራሉ። አስቀድሞ መታወቅ ያለበት አብረዋችሁ ከሚሄዱት መካከል ዋና የማይችለው ማን እንደሆነ ነው። ቢቹ በእሱ ልክ ይመረጥ፤ ጎበዝ ዋናተኛ የትም ይመቸዋል።

ይህን አጥብቄ የምለው በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ በጣም የሚያሳስበኝ ነገር ስላለ ነው። ብዙዎቻችን ያደግነው ደጋ ላይ ነው፤ ወንዝ ተሻግረን ይሆናል እንጂ ዋና ተምረን አላደግንም። ልጆቻችን ግን እዚህ ገንዳ ውስጥ ተምረዋል። ሐይቅ ዳር ሲደረስ ልጁ እየዋኘ ይርቃል፤ ወላጅ ውሃው ጉልበቱ ላይ ሲደርስ ቆሞ ስሙን ይጣራል። ልጁ መሃል ላይ ቢደክመው የሚደርስለት አዋቂ የለም። የገንዳ ዋና ደግሞ ሌላ፣ የሐይቅ ዋና ሌላ ነው። ገንዳው ሞቃት ነው፣ ጠርዙ ቅርብ ነው፣ ጥልቀቱም ዳሩ ላይ ተጽፏል። ሐይቅ ላይ ከእነዚህ አንዱም የለም።

ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ ተነጋገሩ። ዋና የማይችል ሰው ሁሉ፣ ልጅም ይሁን አዋቂ፣ ልኩ የሆነ ላይፍ ጃኬት ይኑረው። የአሜሪካ ኮስት ጋርድ ያጸደቀው መሆን አለመሆኑ ጃኬቱ ላይ ስለሚጻፍ ስትገዙ እሱን ፈልጉ። ክንድ ላይ የሚጠለቁ የሚነፉ ፕላስቲኮችና የዳክዬ ቅርጽ ያላቸው ጎማዎች መጫወቻ ናቸው፤ ነፍስ አያድኑም። ቀጥሎ ጠባቂ መድቡ። አሥር አዋቂ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ «ሁላችንም እያየናቸው ነው» ሲባል ብዙ ጊዜ ማንም እያየ አይደለም። አንድ ሰው ስልኩን ቦርሳ ውስጥ ከትቶ፣ ዓይኑን ከውሃው ሳይነቅል ለሃያ ደቂቃ ይቁም፤ ከዚያ ተራውን ለሌላ ያስረክብ። የሚሰጥም ሰው ፊልም ላይ እንደምናየው አይጮህም፣ እጁንም አያወናጭፍም። አፉ ውሃው ላይ ብቅ ጥልቅ እያለ ትንፋሽ ለመሳብ ሲታገል ድምፁ አይወጣም። ለዚህ ነው በጆሮ መጠበቅ የማይበቃው። ትንንሽ ልጆች ያሉት ወላጅ ደግሞ እጁን ሲዘረጋ የሚነካቸው ርቀት ላይ መሆን አለበት።

ቀኑን መምረጥ

እነዚህ ሐይቆች የሚሞሉት በበረዶ ቅላጭ ነው። በሜይና በጁን አየሩ ቢሞቅም ውሃው ገና የክረምቱን ቅዝቃዜ እንደያዘ ነው፤ በዚያ ጊዜ እግር ከመንከር አልፎ ለመዋኘት መግባት አደገኛ ነው። ታሆ ለዋና የሚበቃው ከጁላይ አጋማሽ በኋላ ሲሆን፣ በኦገስት የላይኛው ውሃ ከ18 እስከ 21 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በፋራናይት ከ65 እስከ 70 ይደርሳል። ዶነር አነስ ስለሚል ቀደም ብሎ ይሞቃል።

ውሃው በጣም የሚመቸው በፍልሰታ ጾም መሆኑ ለብዙ ቤተሰብ ጥያቄ ያስነሳል። ጾሙ ከነሐሴ 1 እስከ 16፣ ማለትም ከኦገስት 7 እስከ 22 ነው። ሱባኤ የያዘ ሰው በእነዚያ ቀናት መዝናናት አይሻም፤ እኔም ሌላ ቀን ምረጡ ነው የምለው። ደግሞም ከሁሉ የሚሻለው ጊዜ የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ከኦገስት መጨረሻ እስከ እንቁጣጣሽ ባሉት ሳምንታት ውሃው እንደሞቀ ነው፤ ትምህርት ቤት ስለተከፈተ ሰዉ ይቀንሳል፤ የሴፕቴምበር የመጀመሪያው ሰኞ፣ ሌበር ደይ፣ ካለፈ በኋላ ደግሞ መኪና ማቆሚያ ለማግኘት ጎህ ሳይቀድ መነሳት አያስፈልግም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ከሌበር ደይ በኋላ ላይፍጋርድ ይኖራል ብላችሁ አትጠብቁ። ዋና የማይችል ሰው ከበዛባችሁ ቀደም ብላችሁ፣ ኦገስት ሳያልቅ በሥራ ቀን ሂዱ።

የጁላይ 4 ሰሞን ግን ከቤተሰብ ጋር ባትሄዱ ይሻላል። በ2023 የበዓሉ ማግስት በጎ ፈቃደኞች በታሆ ዙሪያ ካሉ ጥቂት ዳርቻዎች ከ3,500 ኪሎ በላይ ቆሻሻ ለቅመዋል። ሰዉ ምን ያህል እንደነበር ከዚህ መገመት ይቻላል።

በኦገስትና በሴፕቴምበር የሰደድ እሳት ጭስ አለ። በ2021 ካልዶር የተባለው እሳት የሳውዝ ሌክ ታሆን ነዋሪዎች በሙሉ ከቤታቸው አስወጥቷል። ከመነሳታችሁ በፊት በነበረው ምሽት ኤርናው በተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ የአየሩን ጥራት እዩ፤ አስም ያለበት ሰው አብሯችሁ ካለ ቀይ ሲያሳይ ጉዞውን መሰረዝ ነው።

ቢቹን መምረጥ

ልጆችና ዋና የማይችሉ ሰዎች ከበዙ በመጀመሪያ የምመክረው ዶነር ሐይቅ ምዕራባዊ ጫፍ ላይ ያለውን ዌስት ኤንድ ቢች ነው። የሚያስተዳድረው የትራኪ የመናፈሻ ድርጅት ሲሆን መግቢያ ይከፈልበታል። ለሚከፈለው ገንዘብ ግን አሸዋ፣ ሳር፣ ጥላ፣ ጠረጴዛ፣ መጸዳጃ ቤትና በገመድ የታጠረ የመዋኛ ክልል ታገኛላችሁ። ላይፍጋርድ የሚኖርበትን ቀንና ሰዓት ከድርጅቱ ድረ ገጽ አረጋግጡ። አያት፣ ሕፃንና ጎረምሳ አንድ ላይ ይዞ ለሚሄድ ቤተሰብ በዚህ አካባቢ ከዚህ የሚመች ቦታ አላውቅም።

ሁለተኛው ኪንግስ ቢች ነው። ከትራኪ በመንገድ 267 ብሮክዌይ ሰሚትን ተሻግሮ ሲወረድ ፊት ለፊት የሚገኘው የታሆ ሰሜናዊ ዳርቻ ነው። ፊቱ ወደ ደቡብ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ያገኛል። አሸዋው ሰፊ ነው፤ የውሃው ወለል ደግሞ ቀስ እያለ ነው የሚዘቀዝቀው። ሕፃናት ቁርጭምጭሚታቸው ድረስ ገብተው የሚጫወቱበት ሰፊ ቦታ አለ። ሆኖም ታሆ ላይ ዓይን ያታልላል። ውሃው እጅግ ጥርት ያለ በመሆኑ ወለሉ ላይ ያለው ጠጠር ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ጉልበት የማያልፍ የሚመስለው ቦታ ሲገቡበት ደረት ይደርሳል። ስለዚህ ጥልቀቱን በጠጠሩ ሳይሆን በቀለሙ ለዩ። ዳሩ ላይ አሸዋ መሰል ነጣ ያለ ነው፤ ቀጥሎ አረንጓዴ ይሆናል፤ ከዚያ ድንገት ወደ ድፍን ሰማያዊ ይለወጣል። ሰማያዊው የሚጀምርበት መስመር ወለሉ ወደ ታች የሚከዳበት ነው። ሐይቁ ጥልቅ በሆነበት ቦታ 501 ሜትር ይወርዳል፤ በአሜሪካ ከእሱ የሚበልጠው በኦሪገን ያለው ክሬተር ሌክ ብቻ ነው። ዋና የማይችል ሰው ነጣ ካለው ቀለም እንዳይወጣ ገና ከመግባቱ በፊት በጣት እያሳያችሁ ንገሩት።

መዋኘቱ ቀርቶ ተቀምጦ መጨዋወት ለሚፈልግ ታሆ ሲቲ ውስጥ ያለው ኮመንስ ቢች አለ። ከትራኪ በመንገድ 89 የትራኪን ወንዝ ተከትሎ ይኬዳል። መግቢያ አይከፈልበትም፤ ሳሩ ሰፊ ነው፣ የልጆች መጫወቻ አለው፣ ካፌና ሱቅ በእግር ይደረሳል። ወደ ታሆ 63 ጅረቶች ይገባሉ፤ የሚወጣው ግን አንድ ወንዝ ብቻ ነው፤ እሱም እዚያው ታሆ ሲቲ ካለው ግድብ ተነስቶ በትራኪ ከተማ አልፎ ኔቫዳ ውስጥ ፒራሚድ ሌክ ይገባል። ለልጆች ማሳየቱ ጥሩ ነው።

ሳንድ ሃርበር በኔቫዳ በኩል፣ ከኢንክላይን ቪሌጅ ትንሽ ወረድ ብሎ ነው። ስለ ውበቱ የሚባለው ሁሉ እውነት ነው፤ ክብ ክብ ግዙፍ ግራናይት ድንጋዮች ከውሃው ብቅ ብቅ ብለው፣ በመካከላቸው ውሃው እንደ ብርጭቆ ጠርቶ ይታያል። አሸዋማው ዋና ዳርቻ በደቡብ በኩል ስለሆነ ልጆች የያዘ ወደዚያ ይሂድ፤ በሰሜን በኩል ያለው ድንጋያማው ዳይቨርስ ኮቭ መነጽር አድርገው ከውሃ በታች ለሚያዩ ሰዎች ነው። ችግሩ መግባቱ ላይ ነው። መኪና ማቆሚያው በሰመር ቅዳሜና እሑድ በጠዋት ይሞላል፤ መኪናን መንገድ ዳር አቁሞ በእግር መግባት ክልክል ነው፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ጠዋት ለሚገቡ መኪኖች አስቀድሞ ቦታ ማስያዝ ተጀምሯል። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት የኔቫዳ ስቴት ፓርኮችን ድረ ገጽ እዩ። የኔቫዳ ታርጋ የሌለው መኪና የሚከፍለው ከፍ ያለ ነው። ቦታ ሳትይዙ ሦስት ሰዓት ነድታችሁ ልጆቹን በር ላይ ከምታስለቅሱ ኪንግስ ቢች ብትውሉ ይሻላል።

ጎበዝ ዋናተኞች ብቻ ከሆናችሁ ወደ ዶነር ሐይቅ ሰሜናዊ ዳር ሂዱ። በዶነር ፓስ ሮድ ዳር 37 የሕዝብ የእንጨት መድረኮች ወደ ውሃው ተዘርግተዋል። ክፍያ የለም፤ ቀድሞ የደረሰ ይይዛል። ከመድረኩ ጫፍ በታች ውሃው ወዲያው ጥልቅ ሊሆን ስለሚችል ሕፃን ይዞ መሄጃ አይደለም፤ ላይፍጋርድም የለም። ዘላችሁ ከመግባታችሁ በፊት በመሰላሉ ወርዳችሁ ጥልቀቱን ለኩ፤ በሰመሩ መጨረሻ የሐይቁ ውሃ ዝቅ ስለሚል አምና የተዘለለበት ቦታ ዘንድሮ ድንጋይ ሊኖርበት ይችላል። በጭንቅላት መዝለል አይቻልም ብላችሁ ወስኑ።

ዶነር ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ ያለው ስቴት ፓርክ ውስጥ ቻይና ኮቭ የሚባል ዳርቻ አለ። በመኪና ይከፈላል፤ የጥድ ጥላ አለው። ፓርኩ ውስጥ ያለውን ሐውልትም እዩት። በ1846 መገባደጃ በሠረገላ ወደ ካሊፎርኒያ ሲጓዙ የነበሩ ቤተሰቦች በረዶ ዘግቶባቸው ክረምቱን እዚህ አሳልፈው ከመካከላቸው ብዙ ሰው በረሃብ አልቋል። የሐውልቱ መቆሚያ 6.7 ሜትር ከፍታ ያለው፣ በረዶው የዚያን ክረምት እዚያ ድረስ እንደነበር ለማሳየት ነው።

ፕሮሰር ጸጥታ ለሚፈልግ ነው። ጀልባዎች በዝግታ ብቻ እንዲሄዱ ስለተወሰነ ጩኸትና ማዕበል የለበትም። ዳሩ ግን አፈርና ጭቃ ይበዛበታል፤ ኦገስት ላይ ውሃው እየሸሸ ይሄዳል፤ ጠባቂ የለም።

በኢንክላይን ቪሌጅ ያሉት ቢቾች የነዋሪዎችና የእንግዶቻቸው ናቸው፤ ካርታ ላይ ስላያችኋቸው ብቻ አትሂዱ። በዶነርም በታሆም ብዙው ዳር የግል ነው፤ «የግል ይዞታ» የሚል ሰሌዳ ስታዩ ተመለሱ።

ነፋሱን አስሉ

በዚህ አካባቢ በሰመር ጠዋት ውሃው ጸጥ ይላል፤ ከቀትር በኋላ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ነፋስ ይነሳል። ይህን የሚያውቅ ሰው ቀኑን አስተካክሎ ይውላል። ነፋሱ የታሆን ስፋት ተሻግሮ ስለሚመጣ ከሰዓት በኋላ ኪንግስ ቢችና ሳንድ ሃርበር ላይ ማዕበል ይመታል። እዚያ የምትሄዱ ከሆነ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በስልካችሁ 9፡00፣ ደርሳችሁ ዋናውን ከምሳ በፊት ጨርሱ።

በምዕራብ በኩል ያሉት ኮመንስ ቢችና ዌስት ኤንድ ቢች በዚያው ሰዓት ጸጥ ያሉ ይመስላሉ። አታላዩ ይህ ነው። ነፋሱ ከየብስ ወደ ውሃው ስለሚነፍስ ዳሩ አይናወጥም፤ በሚነፋ ፍራሽ ወይም ጎማ ላይ የተጋደመውን ልጅ ግን ሳያስታውቅ ወደ መሃል ይገፋዋል። ከሰዓት በኋላ የሚነፉ ነገሮችን ሁሉ አስወጡ። ነፋስ የወሰደውን ኳስ ወይም ጎማ ተከትሎ የሚዋኝ አይኑር፤ ዕቃው ይሂድ።

ነፋሱ ለሁለትና ለሦስት ቀን ከበረታ የላይኛውን ሙቅ ውሃ ወደ ምሥራቅ ገፍቶ በምዕራብ ዳር ከሥር ቀዝቃዛውን ያወጣዋል። ትናንት የተመቸው ውሃ ዛሬ አጥንት ሰርስሮ የሚገባው ለዚህ ነው። በዴቪስ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የታሆ ምርምር ማዕከል በዳርቻው ያለውን የውሃ ሙቀት በድረ ገጹ ያወጣል፤ ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት እዩት።

ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ የሚመጣባቸው ቀናት አሉ። ድምፁ ከተሰማ ከውሃ ወጥቶ መኪና ውስጥ መግባት ነው፤ ዛፍ ሥር መጠለል አይደለም። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ ሠላሳ ደቂቃ ሳያልፍ ማንም አይመለስ።

ውሃ አገባብ

አየሩ 30 ዲግሪ ሆኖ ውሃው 18 ሲሆን ሰውነት ይደነግጣል። ዘሎ የገባ ሰው ሳያስበው አንዴ በኃይል ትንፋሽ ይስባል፤ ያኔ አፉ ከውሃ በታች ከሆነ ውሃ ይገባበታል። ልብ ይፈጥናል፣ የደም ግፊትም ይጨምራል፤ የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት አዋቂ ይህን ከሁሉ በላይ ሊያስብበት ይገባል።

ስለዚህ በእግር ግቡ። ቁርጭምጭሚት ድረስ ገብታችሁ ትንሽ ቁሙ። በእጃችሁ ውሃ ዝቃችሁ መጀመሪያ ክንዳችሁን፣ ቀጥሎ ማጅራታችሁን፣ ከዚያ ፊታችሁን አርጥቡ። ወገብ ድረስ ስትገቡ ትንፋሽ መቆራረጥ ይጀምራል። እዚያ ላይ አትቸኩሉ፤ በአፍንጫ ስባችሁ በአፍ በረጅሙ እያስወጣችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆዩ። ትንፋሻችሁ ሲረጋጋና ሳይቆራረጥ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ስትችሉ ትከሻችሁን አስገቡ። ልጆችንም በዚሁ መንገድ አስለምዷቸው፤ «ስምህንና የትምህርት ቤትህን ስም ንገረኝ» ብላችሁ ልጁን ጠይቁት፤ ሳይንቀጠቀጥ ከመለሰ ይቀጥል።

ከገባችሁ በኋላ ከዳሩ ጋር ትይዩ ዋኙ እንጂ ወደ መሃል አትዋኙ። እግር መሬት የሚነካበት ርቀት ላይ ሆኖ ወዲያና ወዲህ መመላለስ ረጅም ርቀት ያስኬዳል፤ ሲደክም ደግሞ መቆም ነው። ቅዝቃዜ የክንድና የእግርን ጉልበት ቀስ በቀስ ይወስዳል፤ ዋናተኛው «ገና ነኝ» እያለ ጣቶቹ መገጣጠም ካቃታቸው የመውጫው ሰዓት አልፏል። ልጅ ከንፈሩ ሲጠቁር ወይም መንቀጥቀጥ ሲጀምር ልመናውን ሳትሰሙ አውጡት፤ እርጥቡን አውልቃችሁ በደረቅ ፎጣ ጠቅልላችሁ ትኩስ ነገር ስጡት።

ድንገት ጥልቅ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው መጀመሪያ ማድረግ ያለበት ለመዋኘት መታገል አይደለም። ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ጆሮው ውሃ ውስጥ ገብቶ፣ ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ ይንሳፈፍ። ትንፋሹ ሲመለስለት ይጣራ። ዳር ያለው ሰውም ተከትሎ ዘሎ አይግባ፤ ገመድ፣ የማቀዝቀዣ ሣጥን ክዳን፣ ባዶ ጄሪካን፣ የሚንሳፈፍ የተገኘ ነገር ይወርውርለትና 911 ይደውል። አንዱን ለማዳን የገባ ዋና የማይችል ወንድም ወይም አባት አብሮ የሚቀርበት አደጋ በየአገሩ የታወቀ ነው።

ፓድልቦርድ ወይም ካያክ ከተከራያችሁ ለእያንዳንዱ ሰው ላይፍ ጃኬት መኖር አለበት፤ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ለብሶት መቀመጥ ሕግ ነው። አዋቂውም ይልበሰው።

ምን ይያዝ?

ከፍታ ላይ ፀሐይ ይበረታል፤ በየ1,000 ሜትሩ የሚያቃጥለው ጨረር አሥር በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ውሃውና አሸዋው ደግሞ መልሰው ያንጸባርቁታል። ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም የሚባለው ስህተት ነው፤ የልጆች ትከሻና አፍንጫ ማታ ሲላጥ ይታያል። ሰንስክሪን በየሁለት ሰዓቱና ከውሃ በወጡ ቁጥር ተቀቡ። አዲስ አበባ ከትራኪ ከፍ ያለች ብትሆንም ባሕር ጠለል ላይ ዓመታት የኖረ ሰውነት ለከፍታው እንግዳ ነው፤ ራስ ምታትና ድካም ሊሰማችሁ ስለሚችል ውሃ አብዝታችሁ ጠጡ።

ሰውነቷን ሸፍና መዋኘት የምትፈልግ እናት ወይም እህት የጥጥ ቲሸርትና ቀሚስ ለብሳ አትግባ፤ ጥጥ ውሃ ይዞ ይከብዳል፣ ይቀዘቅዛል፣ እግር ላይም ይጠመጠማል። ለውሃ የተሠራ እጀ ረጅምና ሱሪ በማንኛውም የስፖርት ሱቅ ይገኛል። ጋቢ መያዝን አትርሱ። ትራኪ በሰመርም ሌሊቷ ቀዝቃዛ ነው፤ ፀሐይ ከተራራው ጀርባ እንደገባች ብርዱ ስለሚመጣ ከውሃ የወጣ ልጅ የሚጠቀለልበት ያስፈልጋል።

ምግቡ ቤት ተሠርቶ ይምጣ። እሳት የሚያሰጋበት ወቅት በመሆኑ ከሰል ማቀጣጠል በብዙ ቦታ ይከለከላል፤ በደን አገልግሎት መሬት ላይ ለጋዝ ምድጃ እንኳ በኢንተርኔት በነጻ የሚሰጥ ፈቃድ ያስፈልጋል። ቡናው በጀበና ቤት ይፈላና በፔርሙዝ ይሂድ፤ ከቀዝቃዛ ውሃ ለወጣ ሰው ከእሱ የተሻለ የለም። ለሙቀት ሱፍ ፍትፍትና ቲማቲም ፍትፍት በበረዶ ሣጥን ውስጥ ተይዘው ቢሄዱ ተስማሚ ናቸው፤ የሚጾምም የማይጾምም ይበላቸዋል። ለልጆች ዳቦ ቆሎና ሐብሐብ ጨምሩ። ጠርሙስ ብዙ ቦታ ስለሚከለከል መጠጡ በፕላስቲክ ወይም በቆርቆሮ ይሁን።

አካባቢው የድብ አገር ነው። ጥቁር ድብ ወጥ ሸትቶት የመኪና በር ይከፍታል፤ ካልተከፈተለትም ይሰብራል። የተረፈውን ምግብ መኪና ውስጥ ጥላችሁ አትሂዱ፤ አዳር ካላችሁ ለድብ ተብለው የተሠሩት የብረት ሣጥኖች ውስጥ ቆልፉ። ቆሻሻችሁን በሙሉ ሰብስቡ፤ ገንዳው ሞልቶ ካገኛችሁት አጠገቡ አትከምሩ፣ ይዛችሁ ተመለሱ።

መኪና የሌለው ሰው ከኤመሪቪል በየቀኑ ጠዋት በሚነሳው የአምትራክ ባቡር ትራኪ መድረስ ይችላል። ባቡሩ በቀን አንዴ ብቻ ስለሚያልፍ አዳር ማሰብ ግድ ነው። ከተማዋን ከታሆ ሰሜናዊ ዳር ጋር የሚያገናኙት ታርት የተባሉ አውቶቡሶች ክፍያ አይጠይቁም።

መመለስ

የተነፋ ጎማም ሆነ ፓድልቦርድ ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው ከመሄዱ በፊት ውሃው ወጥቶ ይታጠብ፣ ይድረቅ። ባዕድ አረምና ቀንድ አውጣ ከሐይቅ ሐይቅ የሚዛመተው በዚህ ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ በአይ-80 ወደ ሳክራሜንቶ የሚወርደው መንገድ ይጨናነቃል። ወይ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ተነሱ፣ ወይ ደግሞ ትራኪ ከተማ ውስጥ እራት በልታችሁ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ውረዱ። በሁለቱ መካከል የሚነሳ ሰው ልጆቹን መኪና ውስጥ ያስርባል። የካሊፎርኒያ የመንገድ መሥሪያ ቤት ካልትራንስ በኢንተርኔት የሚያወጣው ኩዊክማፕ የተባለ ካርታ የተዘጋ መንገድና አደጋ ካለ ያሳያል።

ቀኑን ሙሉ ሲዋኝ የዋለ ሰው አይንዳ። ቀዝቃዛ ውሃ፣ ፀሐይና ከፍታ ሲደመሩ እንቅልፍ ያመጣሉ፤ መንገዱ ደግሞ ከ2,200 ሜትር ከፍታ ተነስቶ እስከ ሸለቆው ድረስ ቁልቁለት ነው። ሹፌሩን ጠዋት ስትነሱ መድቡና ከሰዓት በኋላ ጥላ ሥር ይተኛ። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ደጋግሞ ከመርገጥ ማርሽ ዝቅ ማድረግ ይሻላል፤ ፍሬኑ እንዳይግል። ኦበርን ስትደርሱ ቆማችሁ ውሃ ጠጡ፤ ሹፌሩ ደክሞት ከሆነ እዚያው ተቀያየሩ።